የመንገዱ አባ ቀራ

ግንቦት ሊወጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከጣርማ በር ወደ መዘዞ በሚወስደው መንገድ ላይ አውቶቡሳችን ጎማ ፈነዳበት። ረዳቱ ዘሎ ወረደና ታኮውን ከኋላ ጎማ ሥር ወሽቆ ክሪኩን ማውጣት ጀመረ። እኛ ተሳፋሪዎች ጋቢያችንን እስከ ጆሯችን ስበን መንገዱ ዳር ቆምን። እኔ የቆምኩት አንድ ቱቦ አፍ ላይ ነበር።

ቱቦው የኮንክሪት ነው፤ ሲቀበር እረኛ ልጅ ጎንበስ ብሎ የሚሾልክበት ስፋት እንደነበረው ያስታውቃል። አሁን ከአፉ ከግማሽ በላይ ተደፍኗል። ካለፈው ክረምት የወረደ ጥቁር አፈር፣ የገብስ ገለባ፣ የተቀደደ የማዳበሪያ ከረጢት፣ ከእርሻ ካብ የተናደ ድንጋይ ሞልቶታል። ውሃውን ወደ ቱቦው ማድረስ የነበረበት ቦይ ደግሞ ሣር አብቅሎ ከመንገዱ ትከሻ ጋር እኩል ሆኗል፤ ሁለት በጎች ገብተው ይግጡበታል። እረኛውን ክረምት ሲገባ ውሃው በየት እንደሚያልፍ ጠየቅሁት። በበትሩ የመንገዱን ጀርባ አሳየኝ።

ያን ቱቦ ለመክፈት ሁለት ሰው፣ አንድ አካፋና አንድ ዶማ ቢገኝ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ነሐሴ ላይ በዚያው መንገድ ስመለስ ውሃው እረኛው ባሳየኝ በኩል አልፎ የመንገዱን ግማሽ ወርድ ቆርሶ ወስዶታል። አይሱዙዎቹ አንድ በአንድ፣ ተራራውን እየታከኩ፣ ረዳት ከፊት ሆኖ በእጁ እየመራቸው ያልፉ ነበር። ያንን ስፍራ መልሶ ለመሙላት ገረጋንቲ የሚያመላልስ ገልባጭ መኪና፣ ግሬደር፣ ሮለርና ለእነዚህ ሁሉ የሚሆን ነዳጅ ያስፈልጋል። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ የመንገድ ነገር ሲነሳ አእምሮዬ የሚሄደው ወደዚያ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ማን ይሥራው? ማንስ ይዘዘው? ዋጋውን ማን ይክፈል?

አገሩን ያላየ ሰው ችግሩን አቅልሎ ሊያይ ይችላል። መንዝ ከባሕር ጠለል በላይ ሦስት ሺህ ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው። በምሥራቅ በኩል ወደ ይፋትና ወደ አፋር ቆላ በአንድ ጊዜ ይናዳል። በደቡብ ሞፈር ውሃ፣ በምዕራብ አዳባይና ወንጭት ቆርጠውታል፤ ሁሉም ወደ ጀማ፣ ጀማም ወደ ዓባይ ይወርዳል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ መንዝ ተቀምጦ ያጠናው አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ሌቪን አገሩን ሲገልጽ እነዚሁን ወንዞች ጠቅሷል። ወደዚህ አገር የሚገባ መንገድ ሁሉ ወይ ገደል መውጣት፣ ወይ ሸለቆ ወርዶ መልሶ መውጣት ግድ ይለዋል። ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ የሚሄድ መኪና ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ጀማን ይሻገርና እንደገና ወደ መርሐቤቴ ደጋ ይወጣል። ሹፌሮቹ ለሚ ላይ ፍሬናቸውን ሳያዩ አይነሱም።

መሬቱም ለመንገድ የተመቸ አይደለም። በሸለቆው ግድግዳ ላይ ከላይ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከሥሩ የአሸዋና የኖራ ድንጋይ ተደርቧል። ውሃ በድንጋዩ ስንጥቅ ሰርጎ ከሥር ያለውን ደካማ ንጣፍ ሲያርሰው ላይኛው ይንሸራተታል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ከጣርማ በር በታች በይዛባ ወይንና በሾተል አምባ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ቤትና ማሳ ይዞ የሄደ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው ተፈናቅሏል። ሜዳው ላይ ደግሞ መረሬው አለ። በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። ከበታቹ እንዲህ የሚነፋና የሚኮማተር አፈር ያለው መንገድ፣ አስፋልትም ለብሶ ቢሆን፣ ውሃው ከጎኑ ካልተወገደ ጀርባው ይጎብጣል፣ ዳሩ ይሰነጠቃል። የመንገድ መሐንዲሶች ሦስት ነገር ያስፈልጋል ይላሉ፤ ሦስቱም ውሃ ማስወገድ ናቸው። ይህ አባባል የተጋነነ መስሎኝ ነበር፤ መንዝን በክረምት ካየሁ ወዲህ ግን አይመስለኝም።

የጭነቱም ነገር አለ። አንድ አክስል የሚያደርሰው ጉዳት ከጭነቱ ጋር እኩል አይጨምርም። በ1950ዎቹ ማብቂያ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ በተደረገው ትልቅ የመንገድ ሙከራ እንደታየው ጉዳቱ በጭነቱ አራተኛ ኃይል ገደማ ያድጋል። 10 ቶን በሚችል አክስል ላይ 12 ቶን የጫነ መኪና ታዲያ መንገዱን የሚጎዳው በአምስተኛ እጅ አይደለም፣ እጥፍ ነው። ደብረ ብርሃን ፋብሪካ በፋብሪካ ከሆነች ወዲህ በአዲስ አበባ–ደሴ አውራ ጎዳና ላይ የሚመላለሰው ከባድ መኪና በዝቷል። ከአውራው መንገድ ወደ መንዝ የሚታጠፈው ኮረኮንች ግን ለዚያ ጭነት ተብሎ የተደለደለ አይደለም።

የጣርማ በርን ዋሻ ጣሊያን በወረራው ዘመን ከፈተው፤ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ተራራ ውስጥ ያልፋል፣ ዛሬም መኪና ይሄድበታል። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ ግን ትቶት የሄደው መንገድ ጠባቂ አልነበረውም። ዐሥር ዓመት ሳይሞላ አብዛኛው ተበላሸ። በ1943 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ብድር ታግዞ የተቋቋመው የንጉሠ ነገሥቱ አውራ ጎዳና ባለሥልጣን መጀመሪያ የተሰጠው ትልቁ ሥራ ያንን የወደቀ መንገድ ማንሳትና መጠገን ነበር። ይህን ደግሞ ደጋግሜ አስባለሁ፤ አገሪቱ የመንገድ መሥሪያ ቤት ያቋቋመችው ከአዲስ መንገድ ይልቅ ለጥገና ብላ ነው። የመንገዱ ካምፖች፣ ቢጫ ግሬደሮች፣ አካፋ የያዙ የቀን ሠራተኞች፣ ሕዝቡ ሁሉንም «አውራ ጎዳና» ብሎ ይጠራቸዋል። ዛሬም አንድ የመንዝ ሽማግሌ ግሬደር ሲያይ «አውራ ጎዳና መጣ» ይላል፤ መሥሪያ ቤቱ ስሙን ስንት ጊዜ እንደለወጠ ሳይቆጥር። በ2003 ዓ.ም. ግንባታውና ጥገናው ከባለሥልጣኑ ተነጥሎ ለኮርፖሬሽን ተሰጠ፤ ባለሥልጣኑ ደግሞ ቆይቶ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ተባለ። በወረቀት ላይ አስተዳዳሪና ሠሪ መለየቱ ጥሩ ነው። የመንገዱ ዳር ነዋሪ ግን ቀድሞ በስሙ የሚያውቀውን፣ ዶማ ይዞ በየጠዋቱ የሚያልፈውን ሠራተኛ አጣ።

ገንዘቡን በተመለከተ አገሪቱ ቀድማ አስባለች። የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ቁጥር 66/1989 ተቋቋመ። ነዳጅ የሚቀዳ ሁሉ በሊትር ለጥገና ይከፍላል፤ የተሽከርካሪ ዓመታዊ ፈቃድ ማደሻና ከልክ በላይ የጫነ የሚቀጣው ገንዘብም እዚያው ይገባል። ሐሳቡ ፍትሐዊ ነው፤ መንገዱን የሚጨርሰው መንገዱን ይጠግን። ሲጀመር ከመቶ 70 ለፌዴራል መንገዶች፣ 20 ለክልሎች የገጠር መንገድ፣ 10 ለከተሞች እንዲሆን ተከፋፈለ። ከደብረ ብርሃን ደሴ የሚነዳው ሹፌርና ከመሐል ሜዳ ወደ ግሼ ራቤል የሚነዳው ሹፌር በሊትር የሚከፍሉት እኩል ነው። ገንዘቡ የሚሄደው ግን መንገዱ በማን መዝገብ ላይ እንደተጻፈ ታይቶ ነው። ከወረዳ ከተማ ወደ ቀበሌ የሚወርደው ኮረኮንች ከዚህ ሁሉ በታች፣ ለወረዳው ይቀራል። ወረዳው ደግሞ ለመምህርና ለጤና ባለሙያ ደመወዝ ከከፈለ በኋላ ለነዳጅ የሚተርፈው ትንሽ ነው፤ የራሱ ግሬደር የሌለው ወረዳ ብዙ ነው።

ይህ ቁስል በጣም የተሰማው ከ2003 ዓ.ም. በኋላ ነው። የዩኒቨርሳል ገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም እያንዳንዱን ቀበሌ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ተነሳ። በ1989 ዓ.ም. የአገሪቱ መንገድ ሁሉ ተደምሮ 26,550 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላ ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር አልፏል። ይህን አሳንሼ ማየት አልችልም። ከዘመሮ ቆላ ቀበሌ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ሌሊቱን ስትወርድ ስትወጣ ያደረችበት ዘመን ነበር፤ መንገዱ የደረሰላት ሰው አለች። ነገር ግን ብዙው የተቆፈረው በችኮላና በበጀት ዓመት ማብቂያ ላይ ነው። ቱቦ በሚያስፈልግበት ድንጋይ ተደርድሮ ታለፈ፣ ቦዩ ጥልቀት አነሰው፣ ድልድይ በሚያሻው ወንዝ ላይ ውሃ በአናቱ የሚያልፍበት መሻገሪያ ተሠራ። ርክክቡ ከተፈረመ በኋላ ሦስት ክረምት ያለ ጥገና ያለፈበት መንገድ ወደ ፒስታ ይመለሳል። ተሠርቶ የፈረሰ መንገድ ካልተሠራው የበለጠ ያሳዝናል፤ ሰው ገበያውንም፣ ሆስፒታሉንም፣ የልጁን ትምህርት ቤትም በዚያ መንገድ ተማምኖ አስተካክሎ ስለነበር።

የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው የዓለም ልማት ሪፖርት ላይ ያሰፈረው ስሌት አለ። አፍሪካ ባለፉት ዐሥር ዓመታት በጊዜው 12 ቢሊዮን ዶላር ለጥገና አውጥታ ቢሆን መንገዶቿን እንደገና ለመገንባት የሚያስፈልጋትን 45 ቢሊዮን ዶላር ታድን ነበር ይላል። ይህ ለአህጉር የተሰላ ነው፤ እኔ ያየሁት ቱቦ ላይ ልዩነቱ ከዚያም የሚሰፋ ይመስለኛል።

ድልድዩ ሌላ ጉዳይ ነው። መንገድ ሲበላሽ በየዕለቱ ያሳውቃል፤ ሹፌሩ ባሌስትራ ሲሰበርበት ያውቀዋል። ድልድይ ግን እስከ መጨረሻዋ ዕለት ደኅና ይመስላል። አደጋው የሚሸምቀው ከውሃው በታች ነው፤ የክረምት ጎርፍ የእግሩን ዙሪያ አሸዋና ድንጋይ እየጠረገ መሠረቱን ባዶ ያስቀረዋል። የደጋው ወንዞች ደግሞ በሐምሌ የሚያመጡት ውሃ ብቻ አይደለም፤ በሬ የሚያህል ድንጋይ ያንከባልላሉ። ስለዚህ ድልድይ ከክረምት በፊትና በኋላ የሚያየው ዓይን ይሻል፤ እግሩ ሥር ወርዶ የሚያይ፣ የውሃ መውጫውን የሚጠርግ፣ የተበተነ ጋቢዮን የሚያስተካክል። ጣሊያን ውስጥ ጄኖቫ ላይ እ.ኤ.አ. በ1967 የተመረቀው የሞራንዲ ድልድይ በነሐሴ 2018 ሲወድቅ 43 ሰው ሞቷል። ድልድዩ መሳሳቱ ለዓመታት ሲነገር ነበር፤ ሀብታም አገር ስለሆኑ ግን አልዳኑም።

በአማራ ክልል ትልቁን ትምህርት የያዘው ሰባራ ድልድይ ነው። በጎጃምና በጎንደር መካከል ዓባይ ላይ በአፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ጊዜ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሰዎች ከሁለቱም ዳር በገመድ እየተጎተቱ ይሻገሩ ነበር። ያንን የሚያሳይ ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ የተመለከተ አንድ አሜሪካዊ የሥራ ተቋራጭ ለእግረኛ ድልድይ የሚሠራ በጎ አድራጎት ድርጅት አቋቁሞ የተሰበረውን ክፍል በብረት ሞላው። እ.ኤ.አ. በ2005 ጎርፍ ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ከፍ ብሎ ተሠራ። ድንጋዩ በሰው እጅ እስኪሰበር ወደ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ቆሟል፤ ብረቱ ሦስት ክረምት። ደብረ ሊባኖስ አጠገብ ያለውን፣ ሰው «የፖርቹጋል ድልድይ» የሚለውንና ራስ ዳርጌ እንዳሠሩት የሚነገርለትን ድልድይ ባየሁ ቁጥርም ይኸው ይመጣብኛል፤ ወንዙን በደንብ ያየ ግንበኛ የተሻለ ጠጋኝ ነው። ግንቦት 2016 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ የተመረቀው የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ ደስ ያሰኛል፣ ያኮራልም። የሞፈር ውሃ ገባሮች ላይ ግን ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱት አሁንም ልብሳቸውን አናታቸው ላይ አስረው ነው።

አሁን ወደ ጓሳ ልምጣ፤ ለእኔ የዚህ ሁሉ ጥያቄ መልስ ያለው እዚያ ነውና።

ከመሐል ሜዳ በላይ ከ3,200 ሜትር ጀምሮ የሚዘረጋውን የጓሳ ሣር ምድር የመንዝ ሰው ለአራት መቶ ዓመታት ያህል በቀሮ ሥርዓት ጠብቆ አቆይቶታል። አስቦና ጌራ የሚባሉት ሁለቱ ወገኖች እያንዳንዳቸው አባ ቀራ ይመርጡ ነበር። አባ ቀራው ጓሳው ሲዘጋ ማንም እንዳያጭድ፣ ማንም ከብት እንዳያስገባ ያደርጋል፤ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ዘግቶ ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል። ያኔ ሁሉም ለቤቱ ክዳን፣ ለገመዱ፣ ለከብቱ የድርሻውን ያጭዳል። ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ተዳክሞ በኮሚቴ ተተካ፤ ጓሳው ግን ዛሬም አለ፣ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳውም አሉ። እዚህ አገር የጋራ ነገር መጠበቅ አይታወቅም የሚል ሰው መሐል ሜዳ ሄዶ ሽማግሌ ይጠይቅ።

በፔሩ ተራሮች ላይ፣ እንደ መንዝ ደጋ በሆነ አገር፣ አፑሪማክ በተባለ ወንዝ ላይ ቄስዋቻካ የሚባል ድልድይ አለ። ጓሳን በሚመስል የደጋ ሣር ገመድ የተሠራ ነው። አራት ማኅበረሰቦች በየዓመቱ ሰኔ ላይ ተሰብስበው አሮጌውን ጥለው አዲስ ይፈትሉታል፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2013 በቅርስነት መዝግቦታል። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ከለከላቸውና ሳይታደስ ቀረ። በመጋቢት 2021 (እ.ኤ.አ.) ወደቀ። ሰኔ ላይ እንደገና ሠሩት። አንድ ዓመት ብቻ ነበር የዘለሉት።

እንግዲህ መንዝ ሣሩን የሚጠብቅ ደንብ አውጥቶ መንገዱን የሚጠብቅ ደንብ ለምን አጣ? ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። የጓሳው ባለቤት ይታወቃል፤ መንገዱ ግን «የመንግሥት» ነው። ከላይ መጣ፣ ከላይ ይጠገናል ተብሎ ይጠበቃል። በየዓመቱ ጥርና የካቲት በዘመቻ እርከን የሚሠራው ያ ሁሉ ሕዝብ በመንገዱ ላይ ተራምዶ ወደ ተራራው ይወጣል፤ ቦዩን ግን አይነካም፣ በዕቅዱ ላይ የለምና። ሕዝቡ ሰንፎ አይደለም።

አንዳንዶች በደቦና በጅጌ ይጠገን ይላሉ። ብቻውን አይሆንም። ሰው በነፃ ጉልበት ለአንድ ቀን ይወጣል፤ ቦይ ግን በክረምቱ ውስጥ ደጋግሞ ማየት ይፈልጋል፣ ዝናብ በጣለ ማግስት። ኬንያ ከ1974 (እ.ኤ.አ.) በተጀመረው የገጠር መንገድ ፕሮግራሟ የተሻለ መንገድ አሳይታለች፤ መንገድ ዳር ለሚኖር ገበሬ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ይሰጠው ነበር፣ በወር የተወሰኑ ቀናት እየሠራ ይከፈለው ነበር፣ ተቆጣጣሪው መጥቶ ቦዩን አይቶ ይፈርም ነበር። ለእንዲህ ያለው ገበሬ አካፋና ዶማ ይበቃዋል። ግሬደር በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከክረምት በኋላ ይምጣ። እኔ ከዚህ ደጋ አንፃር የምመርጠው ይህንን ነው፤ ክፍያው ከመንገድ ፈንድ፣ ምርጫውና ቁጥጥሩ ደግሞ ከቀበሌው ሽማግሌዎች። ለአዲስ መንገድ ከሚመደበው በጀት ጥቂት ቀንሶ ለዚህ ማዋል ቅር የሚያሰኘው ሰው ይኖራል፤ አዲስ መንገድ ሪቫን አለው። ቢሆንም የፈረሰውን እያየን ሌላ መቁፈር ገንዘቡንም ሕዝቡንም ማድከም ነው።

ጦርነቱም የራሱን ጎድቷል። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ውጊያው እስከ ሞላሌና መዘዞ ደረሰ፤ ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ባለው ግጭትም ማሽን ወደ ወረዳዎቹ ገብቶ መሥራት ብዙ ጊዜ አልቻለም። ግሬደር የማይገባበት ጊዜ ሲመጣ መንገዱን የሚያቆየው እዚያው ያለው ሰውና አካፋው ብቻ ነው። ይህም በመንገዱ ዳር የሚኖር ጠጋኝ ከሩቅ ከሚመጣ የበለጠ እንዲታሰብበት ያደርጋል።

በዚያ ነሐሴ ስመለስ ከተቆረሰው ቦታ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል አልፎ መንገዱ ደኅና ሆኖ አገኘሁት። ቱቦው ክፍት ነው፣ ቦዩ የተጠረገ ነው፣ ውሃው ጠርቶ ይወርዳል። ከቱቦው በታች አንድ ሽማግሌ ዶማ ይዘው ማሳቸው ዳር ቆመዋል።

«እንደምን ዋሉ አባቴ፤ ይህን ቦይ ወረዳው ነው ያስጠረገው?»

«የለም ልጄ፣ እኔ ነኝ። ውሃው ቱቦውን ሲስት መንገዱን ጥሶ ገብሴ ላይ ይወጣል። በቱቦው ሲመጣልኝ ግን እኔው እመራዋለሁ።»

ከቱቦው መውጫ ድንጋይ ደርድረው ውሃውን አብርደውታል። ከዚያ በትንሽ ቦይ ወደ ጎን ወስደው ወደ ባቄላቸው ከፍለውታል፣ የተረፈውን ደግሞ ወደ ጅረቱ ለቀውታል። ባለፉት ዐሥር ዓመታት ገደማ በትግራይና በአማራ ክልል ባለሙያዎች የመንገድ ውሃን ለእርሻ ለማዋል ሲሞክሩት የቆዩት ይህንኑ ነው። ስንት ዘመን እንዲህ እንዳደረጉ ስጠይቃቸው መንገዱ ከመጣ ጀምሮ አሉኝ። ከፍሏቸው የሚያውቅ ሰው እንዳለም ጠየቅሁ። ዶማቸውን ወደ ሌላ ትከሻቸው አዛውረው፣ ከላይ ዘመም ያለውን ድንጋይ እስኪያቀኑ ጠብቄ መልሳቸውን ሰማሁ፤ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።